ሞጉል፣ ታይኩን፣ ዛር፦ እንግሊዝኛ ኃያላኑን ስለሚጠራባቸው ስሞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው "ሚዲያ ሞጉል" ከሚለው ሐረግ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። "ሪል ስቴት ሞጉል"፣ "ሚውዚክ ሞጉል"፣ "ፋሽን ሞጉል" የሚሉም አሉ። ያው ዜና ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ሁሉም "ባለሀብት" እየተባሉ ያልፋሉ። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ሞጉል በሚለው ቃል ውስጥ ዋናው ጉዳይ ሥልጣን ነው፤ ገንዘቡ ተከትሎ ይመጣል። ማን ምን ያህል ብር አለው ከሚለው ይልቅ ማን በማን ላይ ያዝዛል የሚለውን ይነግረናል። ይሄ የቀረበት አንባቢ ከዜናው ግማሹ ቀርቶበታል።

እዚህ የሰበሰብኳቸው አንባቢዎች፣ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞጉል የሚባለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በአንድ ዘርፍ ላይ አድራጊ ፈጣሪ የሆነ ሰው ነው። በዚያ ዘርፍ ውስጥ ማን ሥራ እንደሚያገኝ፣ ምን ለገበያ እንደሚወጣ፣ ምን መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀር የመወሰን አቅም አለው።

ለዚህ ነው ቃሉ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ የዘርፉን ስም የሚያስቀድመው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ "ሞጉል ነው" ሲባል ወዲያው "የምን?" ብሎ ይጠይቃል። ሩፐርት መርዶክን ውሰዱ። በ1952 አባቱ ሲሞቱ በአውስትራሊያዋ አደሌድ ከተማ አንድ ጋዜጣ ወረሰ። በ1969 የእንግሊዙን ዘ ሰን ገዛ፤ በ1976 ኒውዮርክ ፖስትን፤ በ1981 ዘ ታይምስን። በ1996 ፎክስ ኒውስን አቋቋመ። የእንግሊዝኛ ጋዜጠኞች "ሚዲያ ሞጉል" ሲሉት የባንክ ደብተሩን እያሰቡ አይደለም። በሦስት አህጉር ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚያነበውንና ማታ የሚያየውን የሚወስን ሰው መሆኑን ነው የሚናገሩት።

ሎተሪ የወጣለት ሰው ሚሊየነር ይባላል። ሞጉል ግን አይባልም።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከሕንድ ነገሥታት ነው። ባቡር የሚባል የመካከለኛው እስያ መስፍን በ1526 ከደልሂ በስተሰሜን በምትገኘው ፓኒፓት የደልሂን ሱልጣን ድል አድርጎ አዲስ ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ባቡር በአባቱ የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ የቲሙር፣ በእናቱ ደግሞ የጄንጊስ ኻን ዘር ነው። ፋርሶች ሞንጎልን "ሙጉል" ይሉት ስለነበር ሥርወ መንግሥቱ በዚያ ስም ታወቀ። እኛ በታሪክ ትምህርት "ሙጋል" የምንላቸው እነሱን ነው።

የሚገርመው ነገሥታቱ ራሳቸው በዚህ ስም አይኮሩም ነበር። ራሳቸውን "ጉርካኒ" ነበር የሚሉት። ትርጉሙ አማች ማለት ነው። ቲሙር ከጄንጊስ ኻን ዘር ሚስት ስላገባ የያዘው ማዕረግ ነው። "ሙጋል" ሌላው የሰጣቸው ስም ነው፤ ዓለም የያዘውም ያንኑ ሆነ።

አውሮፓውያን ንጉሡን "ታላቁ ሞጉል" ማለት ጀመሩ። ስሙ እንግሊዝ ድረስ የናኘው ከሀብቱ የተነሳ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ሰር ቶማስ ሮ የተባለ አምባሳደር ላከ፤ ሰውየው ከ1615 እስከ 1619 ሕንድ ውስጥ ቆየ። ለንጉሥ ጃሃንጊር ካመጣቸው ስጦታዎች አንዱ የእንግሊዝ ሠረገላ ነበር። ጃሃንጊር ሠረገላውን ተቀበለና የውስጡን ቬልቬት አስነቅሎ በወርቀ ዘቦ ሐር አስለበጠው። የነሐሱን ሚስማር ደግሞ በብር አስቀየረው። ለእንግሊዙ መልእክተኛ ትልቅ ትምህርት ነበር። የአገሩ ንጉሥ በክብር የላከው ዕቃ እዚያ ቤት ማሻሻያ የሚያስፈልገው ሆነ።

እንግሊዝኛ ውስጥ ሞጉል የሚለውን ቃል ሳይ ይህ ሠረገላ ይታወሰኛል። ቃሉ ውስጥ እስከ ዛሬ የቀረው ይሄው አግራሞት ነው፤ "ይህ ሰው እኛ ከምናውቀው መለኪያ በላይ ነው" የሚል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እንግሊዞች የገዛ አገራቸውን ኃያል ሰው ሁሉ በዚህ ስም መጥራት ጀመሩ። ሥርወ መንግሥቱ አከተመ፤ የመጨረሻውን ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋርን እንግሊዞች በ1858 በርማ ውስጥ ወዳለችው ራንጉን አጋዙት፤ እዚያው በ1862 ሞተ። ስሙን ግን ወስደው ለነጋዴዎቻቸው ሰጡት።

ታዲያ ሞጉል ሲባል ለምን ሆሊውድ ትዝ ይለናል?

ቃሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋና መኖሪያውን ያገኘው እዚያ ስለሆነ ነው። የሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎችን የመሠረቱት ሰዎች "ሙቪ ሞጉል" ተባሉ። እነማን እንደነበሩ ማየት ደግ ነው፤ ቃሉ የመኳንንት ልጅን ብቻ እንደማይመለከት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አዶልፍ ዙኮር ከሀንጋሪ የመጣ ስደተኛ ነው፤ የፀጉር ቆዳ ይነግድ ነበር። ፓራማውንትን ገነባ። ሳሙኤል ጎልድዊን ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ጓንት ይሸጥ ነበር። ካርል ሌምሌ ከጀርመን መጥቶ ዊስኮንሲን ውስጥ የልብስ መደብር ያስተዳድር ነበር፤ በ1912 ዩኒቨርሳልን መሠረተ። ሉዊስ ቢ. ሜየር ከሩሲያ ግዛት የወጣ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ካናዳ ውስጥ ከአባቱ ጋር ቁርጥራጭ ብረት ይለቅም ነበር። በ1924 የተመሠረተው ኤምጂኤም ውስጥ ደግሞ የስቱዲዮው አለቃ ሆነ። አብዛኞቹ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ናቸው። ባንኩም፣ ትልልቁ ኢንዱስትሪም በሩን በዘጋበት ዘመን ገና ማንም ከቁም ነገር ወዳልቆጠረው ሲኒማ ገቡ።

ሥልጣናቸው ምን ያህል ነበር? ተዋናይ ከስቱዲዮው ጋር የሰባት ዓመት ውል ይፈርማል። የሚሠራውን ፊልም የሚመርጠው ስቱዲዮው ነው። "ይሄን አልሠራም" ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል፤ የታገደበት ጊዜም በውሉ ላይ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሰባቱ ዓመት አያልቅም። ስሙን እንኳ ይቀይሩታል። ሉሲል ለሱዌር የምትባል ወጣት ኤምጂኤም ስትገባ ስሟ አልተወደደም። ስቱዲዮው በመጽሔት ውድድር አወጣ፤ አንባቢዎች ስም አወጡላት፤ ዕድሜ ልኳን ጆን ክሮፎርድ ሆና ኖረች።

ይህን ውል ፍርድ ቤት የሞገተችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ናት። ዋርነር ብራዘርስን ከሰሰች፤ በ1944 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት "ሰባት ዓመት ማለት በካላንደር የሚቆጠር ሰባት ዓመት ነው" ብሎ ፈረደላት። ቀጥሎ በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ስቱዲዮዎቹ ሲኒማ ቤቶቻቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። እስከዚያ ድረስ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፊልሙን ይሠራሉ፣ ያከፋፍላሉ፣ በራሳቸው አዳራሽ ያሳያሉ። ከላይ እስከ ታች አንድ እጅ ነበር። ሞጉል ማለት በሙሉ ትርጉሙ ይሄ ነው። ዛሬ "የፊልም ሞጉል" የሚባሉ ሰዎች የዚያን እሩብ ያህል ሥልጣን የላቸውም፤ ስሙን ግን ወርሰዋል።

ሞጉል ማለት ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ?

እንደ አፉ ነው። በቢዝነስ መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አድናቆት አለበት። ስለ ፍርድ ቤት ክስ በሚያወራ ዜና ላይ ሲወጣ ደግሞ "ይህ ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ የቻለው ከላዩ ማንም ስላልነበረ ነው" የሚል ይዘት ይኖረዋል። በ2017 የፊልም አዘጋጁ የሃርቪ ዋይንስቲን ጉዳይ ሲወጣ ጋዜጦች "ሙቪ ሞጉል" እያሉ ጻፉ። እዚያ ላይ ቃሉ ጌጥ አልነበረም። ሴቶቹ ለዓመታት ለምን ዝም እንዳሉ ያስረዳ ነበር፤ የሥራ ዕድላቸው በአንድ ሰው እጅ ነበርና። ያን ዜና "ባለሀብቱ ዋይንስቲን" ብሎ የሚተረጉም ሰው የጉዳዩን እምብርት ነው የሚያወጣው።

ስለዚህ ቃሉን ስታዩ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ሰውየው ገነባ፣ ፈጠረ፣ አስፋፋ የሚሉ ግሶች ከተከተሉት ሙገሳ ነው። አገደ፣ አስፈራራ፣ ጠቀለለ የሚሉ ከመጡ ሌላ ነው።

ከታይኩን በምን ይለያል?

በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ብዙ ጊዜ ይተካካሉ። ሆኖም ልማድ አላቸው። ሞጉል ወደ መገናኛ ብዙኃን፣ ፊልም፣ ሙዚቃና ፋሽን ያደላል። ታይኩን ደግሞ ወደ ነዳጅ፣ መርከብ፣ መሬትና ሕንፃ። አሪስቶትል ኦናሲስ "ሺፒንግ ታይኩን" ነው የሚባለው፤ "ሺፒንግ ሞጉል" ቢባል ስህተት ባይሆንም ጆሮ ላይ ይከብዳል።

ታሪኩ ደግሞ ከጃፓን ነው። በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በኮሞዶር ፔሪ እየተመሩ ጃፓን ሲደርሱ አገሪቱን በተግባር ይገዛ የነበረው ሾጉን የሚባለው የጦር አለቃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በላዩ በክብር ተቀምጧል። ሾጉኑ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፍ "ታይኩን" የሚል ማዕረግ ይጠቀም ነበር፤ ታላቅ ጌታ እንደ ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ስም ሳይነካ ከሌሎች አገሮች መሪዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚያቆመው ስም ነበር።

በ1860 የጃፓን ልዑካን ዋሽንግተን ሲመጡ ከተማው ሁሉ ስለ እነሱ ያወራ ነበር። ቃሉም ተለመደ። ብዙም ሳይቆይ አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሁለቱ ወጣት ጸሐፊዎቹ ጆን ሄይና ጆን ኒኮላይ እርስ በርስ ሲያወሩ አለቃቸውን "ታይኩን" ይሉት ነበር። በፍቅር ነው። ለነጋዴ መስጠቱን በሰፊው ያስለመደው ታይም መጽሔት ነው፤ በ1920ዎቹ።

ማግኔትና ባሮንስ?

ማግኔት ከላቲን ነው፤ ታላቅ ማለት ነው። ከብረት ማግኔት ጋር አይገናኝም፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፉም አነባበቡም ይለያል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ስለሚመሳሰል ተጠንቀቁ። አንድሪው ካርኔጊ የብረት "ማግኔት" ነበር። ጠንከር ያለ፣ የከበደ፣ የድሮ ኢንዱስትሪ የሚሸት ቃል ነው።

ባሮን የአውሮፓ የመሳፍንት ማዕረግ ነው። እንግሊዝ አገር "ፕሬስ ባሮን" ሲባል አንዳንዴ ቃል በቃል እውነት ነበር። ዴይሊ ሜይልን በ1896 የመሠረተው አልፍሬድ ሃርምስወርዝ በ1905 ባሮን ኖርዝክሊፍ ተብሎ ተሹሟል። ጋዜጣው ማዕረግ አስገኘለት ማለት ይቻላል። አሜሪካ ግን የመሳፍንት ማዕረግ አይሰጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል። ስለዚህ እዚያ ባሮን መባል ክስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባቡር፣ የነዳጅና የብረት ባለቤቶችን "ዘራፊ ባሮኖች" ያሏቸው ሕዝብን ይበዘብዛሉ ብለው ነው። የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች አለቃም ባሮን ይባላል። ሞጉል ግን አይባልም፤ ይህ ልዩነት መያዝ አለበት።

ኦሊጋርክስ?

ይሄ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ የጥቂቶች አገዛዝ ማለት ነው። ኦሊጋርክ ገንዘቡን ከመንግሥት ጋር በመጠጋት ያገኘ፣ ወይም በገንዘቡ መንግሥትን የያዘ ሰው ነው። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ፣ በተለይ በ1995 የሩሲያ መንግሥት በብድር ስም የነዳጅና የብረት ድርጅቶችን ለጥቂት የባንክ ባለቤቶች ካስተላለፈ ወዲህ፣ ዓለም ቃሉን ከሩሲያ ጋር አያይዞ ያውቀዋል። በየካቲት 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ምዕራባውያን በእነዚህ ሰዎች ላይ ማዕቀብ ጥለው ቅንጡ ጀልባዎቻቸውን ያዙ።

ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ያው ዓይነት ሰው ሩሲያዊ ሲሆን "ኦሊጋርክ"፣ አሜሪካዊ ሲሆን "ታይኩን" ወይም "ሞጉል" እያሉ ኖረዋል። ይሄን ብዙ ሰው ይተቻል፤ እኔም ትችቱ ልክ ይመስለኛል። መለኪያው ፓስፖርቱ ሳይሆን ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት መሆን አለበት። ነገሩ አሁን እየተለወጠ ነው። ጆ ባይደን በጥር 2025 የስንብት ንግግራቸው አሜሪካ ውስጥ ኦሊጋርኪ እየተፈጠረ ነው ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ቃሉ ወደ ቤት ገብቷል።

"ቦርደር ዛር" ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ዛር ያለበት ሰው ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአማርኛ ዛር ማለት መንፈስ ነው፤ ዛር ወረደበት፣ ዛሩ ተነሳበት እንላለን። የሩሲያ ነገሥታት ማዕረግ በእኛ ፊደል ከዚያው ጋር ስለተገጣጠመ ነው ግራ የሚያጋባው። የሩሲያው ቃል ከሮማው ቄሳር ስም የመጣ ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን ወስዶ በአንድ ጉዳይ ላይ ሙሉ ሥልጣን ለተሰጠው ሰው ሰጠው። የቺካጎ ቤዝቦል ተጫዋቾች በ1919 ጉቦ በልተው መሸነፋቸው በ1920 ሲጋለጥ የቡድኖቹ ባለቤቶች ኬንሶ ማውንቴን ላንዲስ የተባለ ዳኛ ሾሙና ፈላጭ ቆራጭ አደረጉት። "የቤዝቦል ዛር" ተባለ። በ1922 ሆሊውድም ዊል ሄይስ የተባለ ፖለቲከኛ አምጥቶ "የፊልም ዛር" አለው። ልብ በሉ፤ ሞጉሎቹ ስማቸውን ለማደስ ዛር ሲቀጥሩ ማለት ነው። ሞጉል ሥልጣኑን ራሱ የገነባው ነው፤ ዛር ደግሞ የተሾመ ነው።

ፖለቲካ ውስጥ ቃሉ እሳት ነው። በመጋቢት 2021 ምክትል ፕሬዚዳንት ካማላ ሃሪስ ከማዕከላዊ አሜሪካ ስለሚነሳው ስደት ሥረ መንስኤ እንዲሠሩ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ተቃዋሚዎቻቸው "ቦርደር ዛር" አሏቸው፤ ደጋፊዎቻቸው "እንዲህ የሚባል ሹመት አልተሰጣቸውም" ብለው ተከራከሩ። በ2024 ምርጫ ክርክሩ ሁሉ የቃል ክርክር የመሰለው ሹመት ያልሰጠውን ሥልጣን ስም ስለሚሰጥ ነው። ዛር ካልከው ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። በኅዳር 2024 ቶም ሆማን ለሥራው ሲመረጡ ግን ዶናልድ ትራምፕ ራሳቸው "ቦርደር ዛር" ብለው ጠሯቸው።

ለአማርኛ አንባቢ "የድንበር ጉዳይ ኃላፊ" ማለት በቂ ነው። የሥልጣኑ ስፋት የዜናው ነጥብ ከሆነ "ሙሉ ሥልጣን የተሰጣቸው" የሚል ይታከል።

ሴት ሞጉል አለች?

አለች። ኦፕራ ዊንፍሪ በዘመናችን ይህን ስም በተደጋጋሚ ከሚሸከሙት አንዷ ናት። ከ1986 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ይተላለፍ የነበረውን ትርኢቷን በራሷ ኩባንያ ሃርፖ በኩል ስለያዘችው ነው ዝም ብላ ዝነኛ ያልሆነችው። ቃሉ የጾታ መለያ የለውም። ባሮን ግን አለው፤ የሴቷ ባሮነስ ነው፤ ለሴት ነጋዴ ብዙም አይውልም።

የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ያየሁት "ሞጉል" ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አይገናኝም። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎች የሚዘሉባቸው የበረዶ ጉብታዎች ስም ነው፤ የመጣው ከኦስትሪያ ጀርመንኛ ነው። ከ1992 ጀምሮ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል።

ከእኛ ማዕረጎች ወደ እንግሊዝኛ የገባ አለ?

አለ፤ ታሪኩም ሊነገር የሚገባው ነው። "ራስ" ገብቷል፤ ያውም በሁለት በር።

አንደኛው የታወቀው ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን ኅዳር 2 ቀን 1930 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ጃማይካ ውስጥ በስማቸው እምነት ተነሳ። ዛሬ "ራስ" የሚለውን ማዕረግ ብዙ የራስታ እምነት ተከታዮች ከስማቸው ፊት ያስቀምጡታል፤ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ይዞታል።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጣሊያኖች ዓድዋ ላይ ከተሸነፉ በኋላ "ራስ" የሚለው ቃል በቋንቋቸው ቀረ። እነ ራስ አሉላን፣ እነ ራስ መኮንንን በጦር ሜዳ ያወቁት ናቸውና። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሙሶሊኒ ፋሺስት ፓርቲ ሲነሳ በየከተማው የራሱን ታጣቂ ይዞ እንዳሻው የሚያዝ የፓርቲ አለቃ ነበር። ጣሊያኖች እነዚህን ሰዎች "ራስ" አሏቸው። ኢታሎ ባልቦ የፌራራ ራስ፣ ሮቤርቶ ፋሪናቺ የክሬሞና ራስ፣ ዲኖ ግራንዲ የቦሎኛ ራስ። ስለ ፋሺዝም የተጻፉ የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍትም ቃሉን እንዳለ ወስደውታል።

ለእኔ ይህ ያማል። ለአገሩ ዳር ድንበር የተዋደቀ ሰው ማዕረግ የከተማ ዱርዬ ሰብስቦ ሠራተኛ ለሚያስደበድብ ፋሺስት መጠሪያ ሆነ። ሆኖም የቃላቱ ሁሉ መንገድ ይሄው ነው። ሞጉልም፣ ዛርም፣ ታይኩንም ማዕረጉ ከተከበረበት አገር ወጥተው ሌላው ሕዝብ ያንን አገዛዝ ባየበት ዓይን ነው ትርጉም ያገኙት። እንግሊዞች ሙጋሎቹን በሀብታቸው ተደንቀው አዩአቸው፤ ሞጉል የሚያስደንቅ ሆነ። ጣሊያኖች ራሶቹን እንደ ጠላትና እንደ የመንደር ገዢ አዩአቸው፤ ራስ የሚያስፈራ ሆነ።

ታዲያ ሞጉልን በአማርኛ ምን ልበለው?

አንድ መልስ የለም፤ ባይኖርም ችግር የለውም። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

"ባለሀብት" ጨዋ ቃል ነው። ለማንም ይሆናል፤ ሥልጣንን ግን አያሳይም። "ቱጃር" ሀብቱን ያጎላል፤ ትንሽ የገበያ ሽታ አለው። "ዲታ" ለጨዋታ ነው፤ ዜና ላይ አይሆንም። "ከበርቴ" ላይ መጠንቀቅ ያሻል። በደርግ ዘመን "ንዑስ ከበርቴ"፣ "የከበርቴ ሥርዓት" እየተባለ የክስ ቃል ሆኖ ስለኖረ ያን ዘመን ያየ አንባቢ ሲያነበው ሌላ ነገር ይሰማዋል። ለ"ዘራፊ ባሮን" ይስማማ ይሆናል፤ ለኦፕራ አይሆንም።

በጎ ከሆነ "የሙዚቃው ዓለም ቁንጮ" ወይም "የመገናኛ ብዙኃን ኃያል" እላለሁ። ነቀፌታ ካለበት "የፊልሙ ዓለም አድራጊ ፈጣሪ" እላለሁ፤ የድሮዎቹን የስቱዲዮ አለቆች ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ አላገኘሁም። ለታይኩን "የነዳጅ ቱጃር"፣ "የመርከብ ቱጃር" ጥሩ ይሄዳል። ኦሊጋርክ በራሱ ስም ቢቀር ይሻላል፤ አንባቢ ለምዶታል።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልጨምር። ሼክ ሙሐመድ ሁሴን አላሙዲ በኅዳር 2017 ሳዑዲ ውስጥ ሲታሰሩና በጥር 2019 ሲፈቱ የእንግሊዝኛ ዜናዎች "ቢሊየነር"፣ "ታይኩን" ነበር የሚሏቸው። አማርኛው ግን "ሼክ" ወይም "ባለሀብቱ" ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነው የሚያወሩት። እንግሊዝኛው ያስቀደመው ገንዘቡን ነው፤ የኛው አክብሮቱን። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትመልሱ የሰውየው ማዕረግና አንቱታ በእንግሊዝኛው ውስጥ ስለሌለ ብቻ አትጣሉት። አማርኛ አንባቢ "ታይኩኑ ተፈታ" የሚል ርዕስ ቢያይ በመጀመሪያ የሚሰማው ንቀት ነው፤ ጸሐፊው ያን ባያስብም።

"ሞጉል" ብዬ በእኛ ፊደል ብጽፈውስ?

በርዕስ ላይ አይሁን። በውስጥ አንድ ጊዜ ከነማብራሪያው ይቻላል፤ ለምሳሌ "እንግሊዞች ሞጉል የሚሉት ዓይነት የዘርፉ ፈላጭ ቆራጭ" ብላችሁ። ስታነቡት ድምፁን "ሞ" ላይ ጠበቅ አድርጉት። ስለ ሕንዱ ሥርወ መንግሥት ስትጽፉ ደግሞ "ሙጋል" በሉ፤ የዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች በእንግሊዝኛም ሁለቱን በተለያየ ፊደል ነው የሚጽፏቸው፤ ንጉሡና የፊልም አለቃው እንዳይምታቱ።